ናሙና «ለ»

እኔ ፈሪ ነኝ። መጀመሪያ ይሄን ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ጀግና አድርጎ የሚያወራልኝ ሰው እንዳይኖር። ቢሮ ውስጥ ምላሴ ስለት ነው፣ ሾፌር አመናጭቃለሁ፣ ለአለቃ ፊት አልሰጥም። ይሄ ሁሉ መሸፈኛ ነው። ቤቴ ስገባ በሩን ቆልፌ፣ መቆለፉን ነካክቼ አይቼ፣ ልብሴን ቀይሬ እንደገና ተመልሼ የምነካ ሴት ነኝ።

ስሜ ሕብረት ይባላል። የተወለድኩት ፓዌ፣ መንደር አሥራ አራት ነው። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነው የመጡ ናቸው፤ ስሜም የዚያ ዘመን ስም ነው፣ ምን ላድርግ። አሁን አሶሳ የውኃ ቴክኒሻን ነኝ። አባቴ ሞቷል። እናቴ አስረሳሽ እዚያው መንደር አሥራ አራት ብቻዋን ትኖራለች። ከአሶሳ ፓዌ ለመድረስ መንገዱ አዙሮ አዙሮ ሁለት ቀን ይፈጃል። ያ ክፉ ጊዜ መጥቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ድምጿን ሳልሰማ ከርሜአለሁ። ያን ጊዜ የገባብኝ ፍርሃት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

የግቢዋ በር የእንጨት ነው። ምስጥ ጨርሶታል፣ ማጠፊያው ወልቋል፣ በገመድ ነው የምታስረው። «እማዬ፣ ወይ መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ፣ ወይ በር እናሠራ» ስላት ትስቅብኛለች። «ማን ምን ሊወስድብኝ? ዶሮዬን?» ትለኛለች። እኔ ስለ ዶሮው አይደለም የምጨነቀው።

ባለፈው ጥቅምት መሥሪያ ቤታችን ለአርባ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች የብረት ቱቦ ሊገዛ ጨረታ አወጣ። ሦስት ተጫራቾች ገቡ። የቴክኒክ ገምጋሚ እኔ ሆንኩ። ከእኔ በፊት ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው በቃሉ የሚባል ቴክኒሻን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጨረታ ገምግሞ ሳምንት ሳይሞላው፣ ባምባሲ መንገድ ላይ ሞተሩን መኪና ገጭቶት ሄደ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የገጨው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በቃሉ ሥራውን ትቶ ሀገሩ ገባ፣ በዚያው ቀረ። የእሱ ጠረጴዛ ላይ ነው እኔን ያስቀመጡኝ፤ መሳቢያው ውስጥ አሁንም የእሱ እስክሪብቶ አለ። ጥዬው አላውቅም፣ ጽፌበትም አላውቅም።

ስለ ቱቦው ትንሽ ልንገራችሁ፣ አላሰለቻችሁም። የእጅ ፓምፕ ቱቦ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። አንዱ ከአንዱ ጫፉ ላይ በተቀረጸው ጥርስ እንደ ብሎን እየታሰረ አርባ ሜትር ይወርዳል። ብረቱ ቀጭን ከሆነ፣ ጥርስ ሲወጣለት የሚተርፍ ነገር የለውም። ዓመት ሳይሞላው ይበጠስና ሁሉም ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱም በዚያው አለቀለት። እንዲህ የሞተ ጉድጓድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ተሸክመው ወደ ወንዙ ተመልሰው ነበር፣ አንዷ «ባታሳዩን ይሻል ነበር» ብላኛለች። ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ ላይ «ውፍረቱ ከሦስት ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር እንዳያንስ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ።

የእኛ መሥሪያ ቤት አሠራር ደግሞ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫራች አንድ ክንድ የሚሆን የቱቦ ናሙና ያስገባል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሙርሳል ከናሙናው ላይ ማንኛውንም ምልክት በሞረድ ፍቆ፣ በነጭ ቀለም ፊደል ይጽፍበታል፤ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ»። የትኛው ፊደል የማን እንደሆነ በወረቀት ጽፎ፣ ኤንቨሎፕ ውስጥ በሰም አሽጎ፣ ካዝና ውስጥ ይቆልፍበታል። እኛ የምንለካው የማን መሆኑን ሳናውቅ ነው። ውጤቱ ከተፈረመ በኋላ ኤንቨሎፑ ተጫራቾች ባሉበት ይከፈታል፣ ከዚያ የዋጋው ይከተላል። ጋሽ ሙርሳል ሽማግሌ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ይሄን ሥራ እንደ ሶላቱ ያከብረዋል። የገዛ ሚስቱ ብትጠይቀው አይናገርም።

ከተጫራቾቹ አንዱ ሐመድ ነበር። አሶሳ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ነጋዴውን ሐመድን የማያውቅ የለም። ትከሻው ሰፊ፣ ወሬው ትንሽ ነው። ስለ እሱ የሚወራው ግን ብዙ ነው፤ ማን እንደሚያወራው አይታወቅም እንጂ። ጨረታው በወጣ ሰሞን ለምሳ ወደ ቤቴ ስሄድ የእሱ ነጭ ፒክአፕ ከግቢዬ ፊት ለፊት፣ ማንጎው ሥር ቆሞ አየሁት። ሐመድ ውስጡ ተቀምጧል። በማግስቱም እዚያው ነበር። በሦስተኛውም ቀን። ሞተሩን አጥፍቶ፣ መስኮቱን አውርዶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ምሳዬን ቆሜ፣ በመጋረጃ እያየሁት መብላት ጀመርኩ።

በአራተኛው ቀን ጠራኝ።

«ቴክኒሻን! ደህና ነህ?»

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ አንዳንዴ ሴትና ወንድ አይለይም። ይሄን አውቃለሁ፤ ስንቱን ሰው ሰምቼ ስቄ አልፌአለሁ። የዚያን ቀን ግን የናቀኝ መሰለኝ።

«ደህና ነኝ» አልኩ፣ ቁልፌን እየፈለግሁ።

«ቤተሰብ የት ነው?»

«ፓዌ።» ምላሴ ቀደመኝ። አዬ ምላሴ!

«ማን አለ ፓዌ?»

«እናቴ።»

«ብቻውን?»

አልመለስኩለትም። ቁልፉን በሩ ላይ ከተትኩ። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

«መንገድ መጥፎ ነው» አለ። «ወላሂ፣ መንገድ መጥፎ ነው። አላህ ይጠብቀው እናትህን።»

ገብቼ በሩን ዘጋሁ።  ምሳዬን አልበላሁም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የበቃሉን እግር ሳስብ የሥራ ሰዓት አለፈብኝ። ያ ሰው እናቴ የት እንዳለች አወቀ፣ ብቻዋን መሆኗንም አወቀ፣ የነገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ለእናቴ ደወልኩ። ጎመን እየቀጠፈች ነበር። ምንም አልነገርኳትም።

ማን ጋ ልሂድ? ሙላቱ ጋ ሄድኩ። ሙላቱ የመንደር አሥራ አራት ልጅ ነው። ይሄን ነገር ፓዌ ያላደገ ሰው አይረዳውም። እኛ ዘር ቆጥረን አይደለም የተዛመድነው፤ በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ሰዎች ልጆች ነን። እናቱ ስትሞት ያጎረሰችው የእኔ እናት ናት። አሁን አሶሳ የብረታ ብረት ሥራ አለው፤ በር፣ መስኮት፣ የታንከር ማስቀመጫ ይሠራል፣ ብረትም ያመጣል። እና አዎ፣ እሱም ጨረታው ውስጥ ነበር። ገምጋሚ ስንሆን የምንሞላው ቅጽ «ከተጫራቾች ጋር ዝምድና አለዎት?» ብሎ ይጠይቃል። «የለኝም» ብዬ ፈርሜአለሁ። የሥጋ ዝምድና የለንማ! እንዲህ ብዬ ነው ራሴን የሸወድኩት።

ሙላቱ ብየዳውን አቁሞ መነጽሩን ከዓይኑ አነሳ። «ሕብርዬ! ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ሁሉንም ነገርኩት። እሱም ሠራተኞቹን ዞር በሉ ብሎ፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እናትሽን ብሎ ጠየቀሽ? እማ አስረሳሽን?»

«ብቻዋን ናት ወይ አለኝ።»

«በቃሉን ማን እንደዚያ ያደረገው ይመስልሻል?»

«ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለና መሬት መሬት አየ። ስም አልጠራም። እኔው ጨረስኩለት።

«ይሄ ሰውዬ እጁ ግልገል በለስ፣ እዚያው ፓዌ ጎረቤት ድረስ ነው» አለኝ ዝቅ ብሎ። «እማ አስረሳሽ ደግሞ በገመድ የሚታሰር በር ይዛ ተቀምጣለች። ቆይ፣ እኔ ሰዎች እልካለሁ። የብረት በር ይግጠሙላት። ከውስጥ የሚቆለፍ።»

«ሙሌ፣ አንተ ተጫራች ነህ እኮ። እንዴት ይሆናል?»

«በይ ተይኝ!» ተቆጣ። «ለእማ አስረሳሽ በር ለመሥራት የጨረታ ኮሚቴ ላስፈቅድ? ከእጇ በልቼ አድጌ?»

አፈርኩ። እሺ አልኩ። እንዲያውም ተመስገን አልኩ፤ ከዚያ ሁሉ ልመና በኋላ እናቴ በር ሊኖራት ነው። ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለራስሽ ስትይ ነው። የሐመድን ናሙና እንዳትጥይ። ሲያስገባው አይቼዋለሁ፤ ጥርሱ ውስጥ አረንጓዴ ግሪስ አለው፣ ታውቂዋለሽ። የእኔን ከፈለግሽ ጣይው፤ እኔ ሌላ ጨረታ አላጣም። አንቺን ግን ከየት አመጣለሁ?»

ብየዳ ቤቱ መሐል ቆሜ አለቀስኩ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ።

የመለኪያው ቀን ማክሰኞ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አራት ነን። ሰብሳቢው አቶ ነገሪ፣ ጸሐፊዋ ሩሐማ፣ እኔ፣ ናሙና አቅራቢው ጋሽ ሙርሳል። እኔ በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ እለካለሁ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ ሩሐማ ደግማ ትጽፋለች። ካሊፐር ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ የሚያምኑት ድምፄን ነው።

«ሀ» ሁለት ነጥብ ዘጠኝ መጣ። ጠራሁት፤ ወደቀ። ጋሽ ሙርሳል «ለ»ን ፊቴ አስቀመጠ። ገና ሳነሳው ቀለለኝ። ጫፉን አዙሬ አየሁ። ጥርሱ ውስጥ፣ ሞረዱ ያልደረሰበት ቦታ፣ አረንጓዴ ግሪስ።

 ካሊፐሩን አስገባሁ። ሁለት ነጥብ ሦስት። አዙሬ ለካሁ፤ ሁለት ነጥብ ሦስት። በሌላኛው ጫፍ ለካሁ፤ ያው ነው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ወረቀት እኮ ነው የሚያህለው! ይሄ አርባ ሜትር ሊንጠለጠል ነው? ያቺ «ባታሳዩን ይሻል ነበር» ያለችኝ ሴት ትዝ አለችኝ። ከዚያ የእናቴ ገመድ ትዝ አለኝ። ገመዱን ከፈታው በኋላ ማንም ሰው በሦስት እርምጃ አልጋዋ ጋ ይደርሳል።

«ሕብረት?» አለ አቶ ነገሪ።

«ሦስት ነጥብ ሁለት» አልኩ።

እንደዚያ ነው ያልኩት። ቁጥሩን ገለበጥኩት። ለምን በሉኝ፤ አንድ ቀን ቢደረስብኝ «ተገለባብጦብኝ ነው» እንድል። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል እንኳ ማምለጫዬን አስቤ ነበር። ፈሪ ሰው እንዲህ ብልጥ ነው።

«ሦስት ነጥብ ሁለት። አልፏል» አለች ሩሐማ እየጻፈች።

ጋሽ ሙርሳል ቱቦውን መልሶ ሲያነሳ አንዴ በመዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገው። ከዚያ አየኝ።  «ሐ»ን አቀረበልኝ፤ እሱ ከባድ ነበር፣ ሦስት ነጥብ አራት። በእውነት ጠራሁት። ሁላችንም በየገጹ ፈረምን።

ከዚያ በኋላ ያለፈውን ሳምንት እንዴት እንደኖርኩት አላውቅም። ነጩ ፒክአፕ ስድስት ሰዓት ሲሆን አሁንም ማንጎው ሥር ይመጣል። በመጋረጃ እያየሁት «ምን ቀረህ? አለፈልህ አይደል?» እያልኩ እሰድበዋለሁ። እንቅልፍ ጠፋ። የገዛ ድምፄ «ሦስት ነጥብ ሁለት» ሲል እሰማዋለሁ። ሙላቱ ግን በየቀኑ ይደውላል፤ በሩ ተበይዶ አለቀ፣ ቀለም ተቀባ፣ ተጫነ። እሱ ብቻ ነበር የሚያረጋጋኝ።

ኤንቨሎፑ የሚከፈትበት ቀን ጠዋት እናቴ ደወለች። ደስታዋ ሌላ ነው። «የሙላቱ ልጆች መጡ! አቤት በሩ ሲያምር! ሰማያዊ ነው። አሮጌውን ሊነቅሉልኝ ነው፤ ምን ላብላቸው?» አለችኝ። አፌ ሳቀ፣ ሆዴ ግን አልሳቀም። ለምን ዛሬ፣ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ተውኩት።

አዳራሹ ውስጥ የአዲስ አበባው ድርጅት ወኪልና ሙላቱ ቀድመው ተቀምጠዋል። ሐመድ አርፍዶ፣ ላቡን እየጠረገ ገባ።

«አቶ ነገሪ፣ ቶሎ እንጀምር» አለ። «ልጄ ሂባ ስድስት ሰዓት ይወጣል። ሹፌር የለኝም፣ እኔ ነኝ የማመጣው። ቴክኒሻን ያውቃል፣ ትምህርት ቤቱ የእሱ ቤት ጎን ነው። ከመስከረም ጀምሮ ማንጎ ሥር እጠብቃለሁ።»

ከግቢዬ ጎን መዋዕለ ሕፃናት አለ። በየቀኑ ሲጮሁ እሰማቸዋለሁ፣ «ዝም በሉ!» ብያቸውም አውቃለሁ። ከመስከረም ጀምሮ። ጨረታው የወጣው በጥቅምት ነው። ፒክአፑ ያኔም ነበረ ማለት ነው፤ ማየት የጀመርኩት እኔ ነኝ። 

ጋሽ ሙርሳል ኤንቨሎፑን ለሁሉም አዙሮ አሳየ፣ ሰሙን ሰበረ፣ ወረቀቱን ለሩሐማ ሰጣት። ሩሐማ አነበበች። «ናሙና ሀ፣ የአዲስ አበባው ድርጅት፤ አላለፈም። ናሙና ለ፣ አቶ ሙላቱ፤ አልፏል። ናሙና ሐ፣ አቶ ሐመድ፤ አልፏል።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ።  ሙላቱን አየሁት። ወደ እኔ አላየም፤ እጁን አጣምሮ፣ ሰው ቤት እንደ መጣ እንግዳ ጨዋ ሆኖ ተቀምጧል። አረንጓዴው ግሪስ የእሱ ነው። ከመጀመሪያው የእሱ ነበር። የእሱን እንዳሳልፍ ለምኖኝ ቢሆን እምቢ እል ነበር፤ የምፈራውን እንዳሳልፍ ነው ያደረገኝ። እኔ የፈራሁት ሐመድን፣ ያሳለፍኩት ሙላቱን።

የዋጋው ተከፈተ። ሙላቱ በብዙ አነሰ፤ ያን በመሰለ ስስ ብረት እንዴት አያንስ! አቶ ነገሪ አሸናፊውን ሊያውጅ ወረቀቱን አስተካከለ። ጋሽ ሙርሳል ከኋላዬ ጎንበስ አለ።

«በቃሉ ጊዜ ወድቆ ነበር ይሄ ሰው» አለኝ በጆሮዬ።

«ማን?»

«ሙላቱ። ቱቦ ቀጭን ነው ብሎ በቃሉ ጣለው። ያ ሳምንት ነው በቃሉ እግር የተሰበረ።»

  በቃሉን ማን ገጨው ብሎ የጠየቀኝ፣ መሬት መሬት ያየው፣ ሙላቱ ነው። ሰዎቹ ደግሞ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ናቸው። ቁርስ እያበላቻቸው ነው።

ሐመድ ተነሳ። አልጮኸም። «በዋጋ ተሸነፍኩ፣ ምንም አይደል» አለ። «አንድ ጥያቄ ብቻ። እኔ ሃያ ዓመት ብረት ሸጥኩ። በዚህ ዋጋ ሦስት ነጥብ ሁለት አይገኝም። ለካው እዚህ፣ ሁላችን ፊት።»

«አቶ ሐመድ፣ ውጤቱ ተፈርሟል» አለ አቶ ነገሪ። «ቅሬታ በጽሑፍ ነው፤ አምስት ቀን አለዎት።»

«ሕብረት ለክታዋለች እኮ» አለ ሙላቱ ረጋ ብሎ። «ባለሙያ ናት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፁ ያው የልጅነት ድምፁ ነው። «ሕብርዬ፣ እማ አስረሳሽ ደወለችልሽ? ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ እሷ ጋ ናቸው።»

ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ያንን ንግግር የተረዳሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለሌላው ጨዋታ ነው።

ጋሽ ሙርሳል ማንንም ሳይጠይቅ ናሙና «ለ»ን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው፤ ካሊፐሩን ጎኑ አኖረው። ተመልሶ ቦታው ቆመ። መነሳት እችል ነበር። አምስት ቀን አለ፣ ሕጉ ነው፣ በጽሑፍ ይምጣ ማለት እችል ነበር። በአምስት ቀን ውስጥ እናቴን አመጣታለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ግን የሚፈረመው ውል ታየኝ፣ አርባ ጉድጓድ ታየኝ፣ የበቃሉ እስክሪብቶ ታየኝ፣ ከእኔ ቀጥሎ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውም ሰው ታየኝ። አምስት ቀን ቆይቼ የማልናገር መሆኔን ደግሞ ከማንም በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ካሊፐሩን አነሳሁ። በሁለት እጄ ይዤ ለካሁ።

«ሁለት ነጥብ ሦስት» አልኩ።

ሩሐማ ቀና አለች። «ሦስት ነጥብ ሁለት?»

«ሁለት ነጥብ ሦስት። ሁለት። ነጥብ። ሦስት።»

 አቶ ነገሪ ደግ ሰው ነው፤ ሊያወጣኝ ፈለገ። «ተገለባብጦብሽ ነው፣ አይደል? ሰው ነሽ፣ ይሳሳታል።»

ይኸው፣ ያዘጋጀሁት ማምለጫ በሌላ ሰው አፍ መጣልኝ። አዎ ብል ቁጥሩ ይስተካከላል፣ እኔ ደመወዜን እበላለሁ፣ ሙላቱም በሚቀጥለው ጨረታ ይመለሳል።

«አልተገለባበጠብኝም» አልኩ። «ፈርቼ ነው። የአቶ ሐመድ መስሎኝ፣ እናቴን ያስገድልብኛል ብዬ ፈርቼ ነው ያሳለፍኩት። ግሪሱን ምልክት ብሎ የነገረኝ ሙላቱ ነው። ያደግነው አብረን ነው፤ ቅጹ ላይ አልጻፍኩም። ዛሬ እናቴ ጋ በር እያስገጠመልኝ ነው። ይሄንንም ጻፊው፣ ሩሐማ።»

ሐመድ ከተናደደ ይናደድ ብዬ ነበር። አልተናደደም። ፊቱ ወደቀ እንጂ። «እኔን?» አለ። «እኔን ነው የፈራኸው? እኔ እኮ አላህ ይጠብቀው ነው ያልኩት።»

 በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሙላቱ ሳይቸኩል ተነሳ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ስልኩን አውጥቶ ጆሮው ላይ እያደረገ ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «እሺ፣ ሕብርዬ» አለኝ። 

ከዚያ በኋላ የሆነው ደብዛዛ ነው። ጨረታው ታገደ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ካሊፐሩን አስረክቢ ተባልኩ፣ አስረከብኩ። ሐመድ ሰዓቱን አይቶ ለልጁ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ለእናቴ ስደውል ሦስት ጊዜ ጠርቶ በአራተኛው ተነሳ።

«እማዬ! በሩ ተገጠመ?»

«ኧረ ተይኝ እናቴ፣ ግራ ገብቶኛል» አለች። «አሮጌውን ነቅለው ፈለጡት። አዲሱን ሊያቆሙ ሲሉ ስልክ ተደወለላቸው። መልሰው መኪናው ላይ ጫኑት።»

«ሄዱ?»

«ሄዱ። ወለል ብሎ ነው ያለው ግቢው። መንገደኛው ሁሉ እያየኝ ነው።» ሳቀች። «ደግሞ እንጨቱን እንኳ አልተዉልኝም፣ ገመዱንም ወሰዱት። ምን ይሆናል፣ ይመለሳሉ። ማታ እንመጣለን ብለውኛል።»

«እማዬ፣ ጎረቤት ጋ ሂጂ። አሁኑኑ።»

«ግቢዬን ክፍት ትቼ? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

ስልኩን ሳልዘጋ ደረጃውን ወረድኩ። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ፓዌ ሁለት ቀን ነው። ባጃጅ አልጠበቅኩም፣ ሮጥኩ፤ ጫማዬ አንዱ ወለቀ፣ ሌላውን ራሴ አውልቄ ጣልኩት። በመንገዱ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ሙላቱ ከነገረኝ ውሸት ሁሉ አንዱ እንኳ እውነት በሆነ ብዬ። የሐመድ እጅ ግልገል በለስ ድረስ በደረሰ።

ነጩ ፒክአፕ ማንጎው ሥር ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል፣ መስኮቱ ወርዷል። ሕፃናቱ ገና አልወጡም። ሐመድ ባዶ እግሬን ስሮጥ አየኝና ቀና አለ። መስኮቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ያን ዕለት ጠይቀኸኝ አልመለስኩልህም» አልኩት። «አዎ። እናቴ ብቻዋን ናት።»